«አውቶማቲክ ማርሽ የለውም ያለህ ማነው?» የመኪና ካምቢዮ ዓይነቶችና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ እየወረድሁ ነበር። መኪናዋ የእህቴ ባል ቪትዝ ናት። ለዓመታት የነዳሁት ማኑዋል ነው፤ አውቶማቲክ ከያዝሁ ገና ሳምንት አልሞላኝም። ማርሹን ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ አድርጌ፣ ፍሬን እየረገጥሁ፣ ጠመዝማዛውን አንድ በአንድ እያለፍሁ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጥቂት ቆይቶ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ወደ ታች ጠለቀብኝ። ሰፋ ያለ ቦታ እንዳገኘሁ ዳር ያዝሁ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል።

ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ቆመ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወረዱና እጃቸውን ወደ ጎማው ጠጋ አድርገው፣ ሳይነኩት፣ ሙቀቱን ለኩ።

«ልጄ፣ በማርሽ አትይዘውም?»

«አውቶማቲክ እኮ ነው ጋሼ።»

«አውቶማቲክ ማርሽ የለውም ያለህ ማነው?»

የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ፔዳል ብቻ ስላየሁ ራሴው የደመደምሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ሰው ባጫወትሁ ቁጥር ብዙው እንደ እኔ እንደሚያስብ አየሁ። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው መንገዱ ላይ ተጨምሯል። መሪው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ካምቢዮ ግን የተለያየ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚፈልገው አያያዝም እንደዚያው ይለያያል።

ለመሆኑ ካምቢዮ ለምን አስፈለገ?

የመኪና ሞተር ጉልበት አለው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ መግፋት አይችልም። በደቂቃ ከ700 ዙር ግድም በታች ከወረደ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። የቤንዚን ሞተር ደኅና ጉልበት የሚሰጠው ከ1,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መካከል ሲሆን፣ ብዙው ከ6,000 እምብዛም አያልፍም። ጎማው ግን ከዜሮ ነው የሚነሣው።

ሒሳቡን እንሥራው። የአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጎማ ዙሪያው 1.9 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በደቂቃ 1,000 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ጎማው በደቂቃ 526 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በቀጥታ ከጎማው ጋር ቢታሰር ኖሮ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንኳ ይጠፋ ነበር። በሰው እርምጃ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ሲሆንማ ጎማው በደቂቃ የሚዞረው 53 ጊዜ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያስማማ ያስፈልጋል። ካምቢዮ እሱ ነው።

ቃሉን ከጣሊያን የወሰድነው ነው። ካምቢዮ «መለወጥ» ማለት ነው። ማርሽም ፍሪሲዮንም ከዚያው የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮን «ፍትጊያ» ማለት ሲሆን ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል።

ባሕር ዳር ላይ ማርሽ ያለው ብስክሌት የነዳ ሰው ሌላው በቀላሉ ይገባዋል። ካቴናው ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ሲሆን እግራችሁ ብዙ ይዞራል፣ ብስክሌቱ ጥቂት ይሄዳል፤ ዳገቱን ግን ትወጡታላችሁ። ትንሹ ጥርስ ላይ ሲሆን ሜዳውን ትበሩበታላችሁ፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ከድቷችሁ ትወርዳላችሁ። የእግራችሁ ጉልበት ያው ነው። የተለወጠው ጉልበትን በፍጥነት፣ ፍጥነትን በጉልበት የምትመነዝሩበት መጠን ነው።

መኪና ላይ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። በአንደኛ ማርሽ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ተደምረው ሞተሩ 14 ጊዜ ገደማ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ያደርጋሉ። በፍትጊያ የሚጠፋው ሳይቆጠር፣ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ጎማው ዘንድ ሲደርስ 14 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በአምስተኛ ማርሽ ደግሞ 3 ጊዜ ከትንሽ ለአንድ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር እየዞረ በአንደኛ 16 ኪሎ ሜትር፣ በአምስተኛ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል። ሾፌሮች የመጀመሪያውን «ከባድ ማርሽ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ከባዱን የሚችለው እሱ ነው።

ለጎጃም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባለት መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። መኪናችሁ ዳገት ላይ ቶሎ ማርሽ የሚለምናችሁ ሁልጊዜ ስላረጀ አይደለም፤ አየሩም አለበት።

ማኑዋሉ እንዴት ይሠራል?

ማኑዋል ካምቢዮ ውስጥ ጥርሳቸው የተገጣጠመ ብዙ ማርሾች አሉ። እጃችሁ ላይ ያለው ዘንግ የሚመርጠው ከጥንዶቹ የትኛው ጉልበቱን እንዲያስተላልፍ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው እንደተያያዙ ይህን ምርጫ መለወጥ አይቻልም፤ ፍሪሲዮን የመጣው ለዚህ ነው። ሁለት መዳፎቻችሁን አጋጥማችሁ አንዱን ብታዞሩ፣ ጥብቅ ካደረጋችኋቸው ሌላውም አብሮ ይዞራል፤ ላላ ካደረጋችሁ ይንሸራተታል። ፍሪሲዮን ስትረግጡ መዳፎቹን አላቀቃችሁ፤ ስትለቁ መልሳችሁ አጋጠማችሁ። በመካከል ያለችው መንሸራተት መኪናዋን ሳትንገጫገጭ ታስነሣለች፤ ሸራውን የምትበላውም እሷው ናት። ዳገት ላይ ቆሞ፣ ፍሬን ትቶ፣ በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ መኪናውን ማንጠልጠል ሸራውን በእጅ ሞረድ ከመሞረድ አይለይም።

ማርሹ ሳይጮህ የሚገባው በሌላ ብልሃት ነው። የሚኒባስ ረዳትን አስታውሱ። ታክሲው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዝም ብሎ አይዘልልበትም፤ በሩን ይዞ ጥቂት እርምጃ አብሮ ይሮጣል፣ ፍጥነቱ ከታክሲው ጋር እኩል ሲሆን እግሩን ያነሣል። ሲንክሮናይዘር የሚባለው ቀለበት ሥራው ይኸው ነው። ማርሹና የተቀመጠበት ዘንግ ከመያያዛቸው በፊት በፍትጊያ ፍጥነታቸውን እኩል ያደርጋል። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ይዞት እስኪመጣ ድረስ ሾፌር ሁሉ ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና በመካከል በነዳጅ ፍጥነቱን ማመጣጠን ነበረበት። ዛሬ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ «ክርር» ካለ፣ ያ ረዳት ሮጦ መድረስ አቅቶታል፤ ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው።

ባጃጅ የነዳችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ በግራ እጃችሁ ስትሠሩት ኖራችኋል። ፍሪሲዮኑም ወደ ፊት የሚያስኬዱት አራት ማርሾችም እዚያው መያዣ ላይ ናቸው።

አውቶማቲክ ላይ ማርሹን ማን ይቀይረዋል?

ዘይት። በአጭሩ መልሱ ይህ ነው።

ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡና አንዱን ብቻ መብራት ላይ ሰኩት። የተሰካው ነፋስ ይልካል፤ ያልተሰካው በዚያ ነፋስ መዞር ይጀምራል። ያልተሰካውን በእጃችሁ ብትይዙት ይቆማል፤ የተሰካው ግን መዞሩን አያቆምም። አሁን በነፋሱ ቦታ ዘይት፣ በክፍት ክፍል ፋንታ የታሸገ የብረት ድስት አድርጉ። ቶርክ ኮንቨርተር እሱ ነው። ሞተሩ አንዱን ወገን ያዞራል፣ ዘይቱ ሌላውን ይገፋል። ዲ ላይ ሆናችሁ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ሞተሩ የማይጠፋው፣ ፍሬኑን ስትለቁ ደግሞ ነዳጅ ሳትሰጡ መኪናው ቀስ ብሎ የሚሄደው በዚህ ነው። መነሻ ላይ ጉልበቱን እስከ ሁለት እጥፍ ያሳድጋል፤ ፍጥነት ሲይዝ ግን ዘይት መሃል ገብቶ የሚያባክነውን ጉልበት ለማስቀረት ሁለቱን ወገኖች የሚቆልፍ ፍሪሲዮን በውስጡ አለው።

ከቶርክ ኮንቨርተሩ ኋላ ያሉት ማርሾች ናቸው። አዎ፣ እውነተኛ ጥርስ ያላቸው። መሃል ላይ አንድ ማርሽ፣ እሱን ከበው የሚዞሩ ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ማርሾች፣ ሁሉንም ከውጭ የሚያቅፍ ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለበት። ከሦስቱ (ከመሃሉ፣ ከትንንሾቹና ከቀለበቱ) አንዱን ብትይዙት፣ አንዱን ብታዞሩት፣ ሦስተኛው በሆነ ፍጥነት ይወጣል። የምትይዙትን ስትለውጡ ፍጥነቱና ጉልበቱ ይለወጣል። ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው፤ የሚያዘው ወይም የሚለቀቀው ብቻ ነው የሚለወጠው። የሚይዙት ትንንሽ ፍሪሲዮኖች ናቸው፤ እነሱን ጨምቆ የሚያስይዛቸው በፓምፕ የተገፋ ዘይት ነው። መቼ የትኛው እንደሚጨመቅ ዱሮ ዘይቱ ራሱ በቧንቧና በክዳን ይወስነው ነበር፤ አሁን ኮምፒውተር ያዝዛል።

ለብዙ ሰው የተሸጠው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1939 ለኦልድስሞቢል መኪና ያቀረበው ሃይድራማቲክ፣ ባለ አራት ማርሽ ነበር። ዛሬ ስድስት፣ ስምንት፣ አልፎም አሥር ማርሽ ያላቸው አሉ። የጭነት መኪና ሹፌሩ ልክ ነበሩ። ማርሽ አለው፤ ስንቀይረው አለማየታችን ነው።

ስለ ፒ (መኪናው ሲቆም ስለሚገባው) አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ መኪና የሚጎዳው በእሷ ነው። ፒ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ሳይሆን ማርሹ ጥርስ መሃል ገብታ የምትቀረቀር አንዲት ትንሽ ብረት ናት። ዳገት ላይ ዝም ብላችሁ ፒ አድርጋችሁ ፍሬን ስትለቁ የመኪናው ክብደት ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል። ኋላ ስታወጡት «ቋ» የሚለው ድምፅ እሷ ስትላቀቅ ነው። የእግር ፍሬን እንደተያዘ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ የእግሩን ለቃችሁ መኪናው በእጅ ፍሬኑ መያዙን እዩ፤ ፒን ከዚያ በኋላ አስገቡ።

ሲቪቲ ሲባል የምንሰማው ምንድን ነው?

እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ያልተላከ የጎጃም ልጅ ካለ ይንገረኝ። ሞተሩ ላይ ትንሽ ፑሊ አለ፣ ወፍጮው ላይ ትልቅ፤ በሁለቱ ላይ ቺንጋ ይዞራል። ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ወፍጮው ቀስ ብሎ፣ ግን በጉልበት። ፑሊዎቹ ቢቀያየሩ ወፍጮው ይፈጥናል፣ ጉልበቱ ግን ይከዳዋል።

እንግዲህ የፑሊዎቹ ስፋት እየሠሩ ሳለ የሚለዋወጥ ቢሆን ብላችሁ አስቡ። ፑሊው ከሁለት ተዳፋት ግድግዳዎች የተሠራ ነው። ግድግዳዎቹ ሲጠጋጉ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣና ፑሊው ትልቅ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ሲራራቁ ቺንጋው ይሰምጥና ትንሽ ይሆናል። አንደኛው ፑሊ ሲጠብብ ሌላኛው ይሰፋል። ሲቪቲ ይኸው ነው። ቺንጋው ግን የወፍጮው ዓይነት ጎማ አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስስ የብረት ቅጠሎች ተደርድረው የተሠሩበት ነው። የሆላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀምረው የተጠቀመው የጎማ ቺንጋ ነበር፤ ብረቱ ኋላ የመጣ ነው።

«ማርሽ የለውም» የሚለው አባባል ለእውነት የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ የሚባል ደረጃ የለም። ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ መኪናው ግን ይፈጥናል። ያልለመደ ሰው «ፍሪሲዮን ይንሸራተታል» ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል። አልተበላሸም፤ አሠራሩ ነው። ጥቅሙ ሞተሩን ነዳጅ በማያባክንበት ዙር ላይ ማቆየቱ ነው፤ ለከተማና ለሜዳ ድንቅ ነው። ድካሙ ደግሞ ብረት በብረት ላይ ተጨምቆ በፍትጊያ ብቻ ጉልበት ማስተላለፉ ነው። ሙሉ ሰውና ዕቃ ጭኖ፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያስወጣውን ረጅም ዳገት ነዳጅ ጥርቅም አድርጎ ሲወጣ ዘይቱ ይግላል። አንዳንዱ መኪና ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል። ያን ጊዜ መታገሉን ትቶ ዳር ይዞ ማቀዝቀዝ ነው የሚሻለው።

በማኑዋልና በአውቶማቲክ መካከል ያሉትስ?

ሁለት ናቸው፤ በአጭሩ ልለፋቸው። አንደኛው በመሠረቱ ማኑዋል ሆኖ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለትና ማርሹን የሚቀይርለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ነው። ሱዙኪ ኤጂኤስ ብሎ በአንዳንድ ዲዛየር ላይ የገጠመው ይህ ነው። ማርሽ ሲቀይር ለቅጽበት ጉልበት ይቋረጣል፤ ሰው በእግሩ እንደሚያደርገው ነዳጅን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ ያለሰልሰዋል። ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ማንጠልጠልም እንደ ማኑዋሉ ሁሉ ሸራ ይፈጃል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ነው። አንደኛው ፍሪሲዮን 1፣ 3፣ 5ን ይይዛል፣ ሌላው 2፣ 4፣ 6ን። በሦስተኛ እየሄዳችሁ አራተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሰው ሲራመድ አንዱ እግር ሳይነሣ ሌላው እንደሚረግጥ ማለት ነው። ፈጣን ነው፤ ጥገናው ግን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል።

የኤሌክትሪኩስ ካምቢዮ አለው?

ብዙው አንድ ማርሽ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም አይቀየርም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ሲነሣ ጀምሮ ሙሉ የማዞር ጉልበቱን ስለሚሰጥና በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ መሄድ ስለሚችል አስማሚ አያስፈልገውም፤ ዙሩን በዘጠኝ ወይም በአሥር እጥፍ ግድም የሚቀንስለት፣ የማይቀያየር የማርሽ ስብስብ ይበቃዋል። የኋላ ማርሽም የለውም፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ኋላ ይዞራል። የአየሩ መሳሳትም አይነካውም፤ ደብረ ማርቆስም አሶሳም ላይ ጉልበቱ ያው ነው።

ቤንዚንና ኤሌክትሪክ የሚጠቀሙት የቶዮታ ሃይብሪዶች ደግሞ በስም «ኢ-ሲቪቲ» ይባላሉ እንጂ ቺንጋ የላቸውም። ሞተሩንና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችን የሚያስማማው ቀደም ብዬ የገለጽሁት ቀለበት ያለው የማርሽ ስብስብ ነው። ሲቪቲ የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ ከተራው ሲቪቲ ጋር መደባለቅ ትክክል አይደለም።

ቁልቁለት ላይ ታዲያ ምን ላድርግ?

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ወገን እስከ ድልድዩ የሚወረደው ከ1,000 ሜትር ቁመት ይበልጣል። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቅቀው ኃይል፣ ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ 35 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሁለት ቢጫ ጄሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና መንገዱ የሚወስዱት አለ፤ የቀረውን የሚውጠው ማን ነው? ፍሬን ብቻ ከሆነ ያ ሁሉ ሙቀት መዳፍ በሚያክሉ የፍሬን ሸራዎች ላይ ያርፋል። ሸራው ሲግል መያዝ ይከዳዋል። የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ደግሞ አረፋ ይሠራል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካና የሚይዝ ነገር ይጠፋል። እኔ ላይ የደረሰው የዚህ መጀመሪያ ነበር።

ሞተሩ ግን ሊሸከምላችሁ ይችላል። ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጅ ሲለቀቅ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ አየር እየሳበ፣ እያመቀ፣ እየተፋተገ ጉልበቱን ይውጣል፣ ሙቀቱንም በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ያወጣል። ማርሹ በከበደ ቁጥር አያያዙ ይበረታል።

ማኑዋል ላይ ሾፌሮቻችን ይህን ድሮም ያውቁታል፤ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። አውቶማቲክ ላይ ከዲ በታች ያሉት 3፣ 2ና ኤል፣ ወይም ኤም ላይ ያሉት የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች ሥራቸው ይኸው ነው። 2 ማለት ካምቢዮው ከሁለተኛ በላይ እንዳይወጣ ከልክሉት ማለት ነው። አንዳንዱ ዘንግ ላይ ኦዲ የምትል ቁልፍ አለች፤ ስትጫኑት ዳሽቦርዱ ላይ «ኦዲ ኦፍ» የሚል መብራት ቢበራ ብልሽት አይደለም፤ የላይኛው ቀላል ማርሽ ተዘጋ ማለት ነው። ሲቪቲ ላይ ኤስ፣ ኤል ወይም ቢ ይኖራል፤ ፑሊዎቹን ወደ ከባዱ ወገን ያመጣቸዋል። ሃይብሪድ ላይ ቢን ተጠቀሙ።

ኤሌክትሪኩ ከሁሉ የሚደንቀው እዚህ ነው። ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና የቁልቁለቱን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቅቀው 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚህ ደኅና ድርሻው ተመልሶ ይገባል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚያስገባበት የለውም። ስለዚህ ደጀን ላይ እስከ 100 ሞልቶ ወዲያው መውረድ አይመከርም፤ ጥቂት ቦታ ተዉለት።

የጭነት መኪናው ሹፌር ፍሬኑ እስኪበርድ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ አስጠበቁኝ፤ ውሃ ላፍስበት ስል ከለከሉኝ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ መኪናው ገና በዝግታ እያለ 2 ላይ አድርግ አሉኝ። አደረግሁ። ሞተሩ ጮኸ፤ የዙር መቁጠሪያው ወደ 3,500 ወጣ። ደንግጬ መልሼ ዲ ላይ ላደርገው ስል ከኋላ ክላክስ ነፉብኝ። ድልድዩ ላይ ደርሰን ስንቆም «ይጩህ ልጄ፣ ለሱ ነው የተሠራው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የዙሩ መርፌ ቀዩ ጋ እስካልደረሰ ድረስ ሞተሩ አይጎዳም። ፍሬኑን ደግሞ ሳያቋርጡ እያሻሹ ከመውረድ፣ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን ከቀነሱ በኋላ መልቀቅ፣ ሲጨምር ደግሞ መያዝ ይሻላል፤ በመካከል ይበርዳል።

ዜሮ ማርሽ አድርጎ መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም?

አይቆጥብም። ዱሮ ካርቡሬተር ላይ የተጀመረ ልማድ ነው። ዛሬ ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጭላቸው መኪናዎች ማርሽ ላይ ሆነው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጉታል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነውና። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ነዳጁንም ታወጣላችሁ፣ የሞተሩንም አያያዝ ታጣላችሁ፤ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ቁልፍ አጥፍቶ የሚወርድም አይቻለሁ። መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑ አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል። እባካችሁ አታድርጉት፤ ሰው የሚሞትበት ነው።

ባትሪ ሲደክም ተገፍቶ ይነሣል?

ማኑዋል ይነሣል፤ አውቶማቲክና ሲቪቲ አይነሡም። ሞተሩ ካልዞረ የዘይት ፓምፑ አይሠራም፤ ዘይት ካልተገፋ ጉልበት ከጎማ ወደ ሞተር የሚሄድበት መንገድ የለም። አሥር ሰው ቢገፋ ድካም ነው። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው ረጅም መንገድ መጎተትም አይገባም፤ ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋተጋል። ወይ የሚነዱትን ጎማዎች አንሥቶ ነው፣ ወይ በመኪና ላይ ጭኖ።

ዘይቱስ አንድ ዓይነት አይደለም?

ያገኘኋቸው መካኒኮች ሁሉ ያዘኑበት ነገር ይህ ነው። የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት፣ የአውቶማቲክ ዘይትና የሲቪቲ ዘይት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአውቶማቲኩን ዘይት ሲቪቲ ውስጥ መጨመር ያንን የብረት ቺንጋ ፑሊው ላይ እንዲንሸራተት ያደርገዋል፤ አንዴ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ቪትዝ ሁሉ አንድ ነው ብላችሁ አትጨምሩ፤ እንደ ምርት ዘመኑና እንደ ሞተሩ ተራ አውቶማቲክ ያለውም ሲቪቲ ያለውም አለ። የመኪናው መመሪያ ላይ ወይም የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ መካኒኩም ሲጨምር ቆርቆሮውን አሳዩኝ በሉ።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ብሆን ምን ልይ?

ማኑዋል ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ሳቡና የእግር ፍሬኑን ያዙ፣ አራተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ነዳጅ ትንሽ ሰጥታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ዙሩን ይዞ ከቀጠለ ሸራው አልቋል።

አውቶማቲክ ከሆነ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ። ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ አር (ወደ ኋላ ማርሽ)፣ ከአር ወደ ዲ አድርጉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት፤ ቆይቶ «ዱብ» ካለ የዘይቱ ግፊት ደክሟል። ከዚያ ጥቂት ነድታችሁ፣ የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥታችሁ ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጉት። ቀይ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ፣ ወይም በጣቶቻችሁ ስታሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ ከቆረቆራችሁ፣ ያ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ዱቄት ነው፤ ቁልፉን መልሱለት።